ይህ ሞተር የማን ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወርዳል)

መኪና እየነዳችሁ የምትሰሙን፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጉት። የዛሬው ወሬ ስለ እናንተው ነው፤ ከኮፈኑ ሥር ስላለው ነገር።

በጥያቄ ልጀምር። የምትነዱት መኪና ሞተር፣ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የወጣው ሞተር ነው? «አዎ» ያላችሁ፣ በምን አወቃችሁ? ሻጩ ነግሯችሁ? ሊብሬው ላይ ተጽፎ አይታችሁ? ወይስ ቁልፍ ስታዞሩ ቶሎ ስለሚነሳ?

ሦስቱም መልስ አይሆኑም። ለምን እንደማይሆኑ ለመንገር አንድ ቮልስ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

በቀደም አንድ ጓደኛዬ «ቮልስ ልገዛ ነው፣ አብረኸኝ ውጣ» አለኝ። የሻጩ ቤት ከየካ ሚካኤል በላይ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አልፋችሁ ዳገቱን ስትያያዙት፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት አካባቢ። ግቢው ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነች ቮልስ አለች። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እያልን ነበር የምናናግራቸው። ደላላም አለ። ደላላ የሌለበት የመኪና ሽያጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጋሼ ሸራውን ገና ሳይገፉት ደላላው ጀመረ። «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ ኦሪጅናል ናት። ሞተሯ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ካንዴላ ካልሆነ በቀር ቁልፍ አልነካትም!»

ጋሼ ግን ዝም አሉ። ያ ዝምታ ወዲያው ነው ደስ ያለኝ።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ዛሬ ደጋግሜ የምለው ነው። «ይህ ሞተር ትክክለኛው ነው?» ስንል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እያምታታን ነው። አንደኛው፣ ይህ ሞተር መንግሥት የሚያውቀው፣ ሊብሬው ላይ የሰፈረው ሞተር ነው ወይ? ሌላው፣ ይህ ሞተር መኪናው አብሮት የተወለደው ነው ወይ? ለመጀመሪያው «አዎ» ለሁለተኛው «አይደለም» የሚባልበት መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ደላሎችም የሚኖሩት በሁለቱ መካከል ባለችው ክፍተት ነው። ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ሁሉም አይደሉም።

(የመኪና በር ሲከፈት የሚሰማ ድምፅ)

ወደ ግቢው እንመለስ። ቮልስ ላይ የሻንሲው ቁጥር የት ነው? የሚያውቅ አለ? ብዙ ሰው ወደ ሞተሩ ይሄዳል። አይደለም። የኋላ መቀመጫውን አንሱ። በስተቀኝ ባትሪውን ታገኛላችሁ። መሃል ላይ ደግሞ መኪናውን ከፊት ወደ ኋላ እንደ ጀርባ አጥንት የሚያቋርጥ ጉብታ አለ። ቁጥሩ እዚያ ጉብታ ላይ በብረቱ ላይ ተመትቷል። ፊት ለፊት፣ ስኮርታ ጎማው ከሚቀመጥበት ኋላ፣ ያው ቁጥር ያለበት ትንሽ ሳህን አለ። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ሳህኑ ግን ተነቅሎ ሊለጠፍ ይችላል፤ ጉብታው ላይ ያለውን ነው የማምነው።

መቀመጫውን አነሳን። አቧራ፣ የገለባ ስባሪ፣ አንድ የ10 ሳንቲም ፍራንክ። በነጭ ጋዝ የነከርነውን ጨርቅ ይዘን ጠራረግነው። በአሸዋ ወረቀት አይደለም፤ ይህንን አደራ እላለሁ። የቁጥር ቦታ ላይ የአሸዋ ወረቀት ያሳረፈ ሰው፣ ነገ ቁጥር ፋቀ ተብሎ ቢጠየቅ ምን ሊመልስ ነው? ጨርቅ፣ ነጭ ጋዝ፣ ካልሆነም አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

ከዚያ ስስ ወረቀት አስደግፈን በእርሳስ ጎን አሸት አሸት አደረግነው። ልጅ ሆነን ሳንቲም ከወረቀት ሥር አድርገን እንደምናሸው ማለት ነው። ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። አንድ፣ አንድ፣ ስምንት፣ ከዚያ ሌሎች ስድስት አኃዞች።

አንድ፣ አንድ፣ ስምንት ምን ይነግረናል? ቮልስዋገን ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩን እንዲህ ነበር የሚያወጣው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የመኪናውን ዓይነት ይናገራሉ። አሥራ አንድ ማለት እኛ ቮልስ የምንላት፣ ያቺ ጀርባዋ የጎበጠ መኪና ናት። ሦስተኛው ዓመቱን ይናገራል። አምስት 1965፣ ስድስት 1966፣ ሰባት 1967። ስምንትስ? 1968። በትክክል! ከ1970 ሞዴል ወዲህ የመጣች ከሆነች ከዓመቱ አኃዝ ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ አኃዝ ይገባባታል፤ እንዲያ ካያችሁ አትደናገጡ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ፋብሪካው የሞዴል ዓመቱን የሚጀምረው በነሐሴ ገደማ ነው። የ1968 ሞዴል የተባለችው ቮልስ በ1967 ነሐሴ ላይ የተሠራች ልትሆን ትችላለች። ሌላው የእኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሻጩ «የስድሳ ሞዴል ናት» ሲላችሁ የትኛው ስድሳ? በእኛ 1960 ከሆነ ከፈረንጆቹ 1968 ጋር ይገጥማል። በፈረንጅ 1960 ከሆነ ሌላ መኪና፣ ሌላ ሞተር፣ ሌላ ዋጋ ነው። ሰው ሳይዋሽ የሚያሳስትበት ቦታ ይህ ነው። ስለዚህ «በየትኛው አቆጣጠር?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

(የሞተር መነሳት ድምፅ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንተክትኮ ይነሳል፤ ይጠፋል)

ጥሩ። ሻንሲው ተናገረ፤ የ1968 ልጅ ነኝ አለ። አሁን ሞተሩን እንጠይቀው።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ከላይ ዲናሞው አለ። ዲናሞው ከቆመበት እግር ሥር፣ የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከሚጋጠሙበት መስመር አጠገብ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የሞተሩ ቁጥር ተመትቷል። ፊደል ይቀድመዋል። ፊደሏን ልብ በሉ፤ የሞተሩን ታሪክ የምትነግረን እሷ ናት።

በ1968 ሞዴል ላይ የምንጠብቃቸው ፊደላት ጥቂት ናቸው። ዲ ከሆነ ባለ 1200 ሞተር ነው፤ 34 የፈረስ ጉልበት። ኤፍ ከሆነ 1300 ነው፤ 40 የፈረስ ጉልበት። ኤች ከሆነ ደግሞ 1500። እኛስ ምን አገኘን?

ጨርቅ፣ ነጭ ጋዝ፣ ወረቀት፣ እርሳስ። አሸት አሸት። የመጀመሪያው ፊደል ኤ ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ ዲ። ኤዲ!

ደላላው «አየህ፣ ዲ አለበት!» አለ። እውነቱን ነው፣ ዲ አለበት። ነገር ግን ዲ ሌላ፣ ኤዲ ሌላ። ኤዲ ባለ 1600፣ 50 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። ፋብሪካው ይህን ፊደል መምታት የጀመረው በ1970 ነሐሴ ነው። አድማጮቼ፣ በ1968 የተወለደ ልጅ በ1970 የተፈተለ ጥጥ ለብሶ ሊወለድ ይችላል? አይችልም። ሞተሩ ከመኪናው በኋላ የመጣ ነው።

ጋሼን ዞር ብዬ አየኋቸው። ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ እኔ ኦሪጅናል ነው አላልኩም» አሉ። እውነት ነው፣ እሳቸው አላሉም።

(ለስላሳ የክራር ድምፅ፤ ከንግግሩ ሥር ይቀጥላል)

ለምን ተቀየረ? ይህን ለማወቅ ቁጥር አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ጋራውን ማየት ይበቃል። ሞተር የሚተነፍሰው አየር ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በየ1000 ሜትሩ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህሉን ያጣል ብላችሁ ያዙ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ 3000ን ያልፋል። ጀርመን አገር 40 ፈረስ የነበረው ሞተር እንጦጦ ሲደርስ ወደ 28 ገደማ ይወርዳል። አራት ሰው፣ አንድ ጆንያ ጤፍ፣ ከዚያ ላይ ዝናብ የመታው ኮረኮንች ዳገት። ጋሼ እንደነገሩን፣ ወላጅ አባታቸው «አንደኛ ማርሽ ላይ ተወልጄ አንደኛ ማርሽ ላይ ልሞት ነው» እያሉ ያማርሩ ነበር።

ቮልስ ላይ ደግሞ ሞተር መቀየር እንደ ሌላው መኪና ከባድ አይደለም። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። ጎበዝ መካኒክ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያወርደዋል። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙውን ጊዜ የአንዷ ሞተር ለሌላዋ ብዙም ሳያስቸግር ይገባል። እንግዲህ አስቡት። በአራት ብሎን የታሰረ ነገር ለ50 ዓመት ቦታውን ሳይለቅ ቢገኝ ነው የሚገርመው።

(ክራሩ ይጠፋል)

አሁን ሊብሬውን እንክፈት። ሦስተኛው ተናጋሪ እሱ ነው። ጋሼ ከላስቲክ ውስጥ አወጡት፤ ጥግ ጥጉ ያለቀ፣ በስኮች የተያያዘ። የሻንሲ ቁጥር፣ አንድ አንድ ስምንት ብሎ ይጀምራል፤ ገጠመ። የሞተር ቁጥር፣ ኤዲ። ይህም ገጠመ! ሞተሩ ሲቀየር ለመንገድ ትራንስፖርት ቀርበው አሳውቀው፣ ሊብሬው ላይ አስጽፈዋል ማለት ነው።

እና ይህች መኪና ምን ሆነች? መልሱን ከኔ ጋር በሉት። መንግሥት የሚያውቀው ሞተር ነው? አዎ። አብሯት የተወለደው ሞተር ነው? አይደለም። ሁለቱን አታምታቱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ሁለቱን አታምታቱ።

የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ሞተሩ ተቀይሮ በግልጽ የተጻፈባትን መኪና፣ «ኦሪጅናል ናት» ተብላ ቁጥሯ የተሞረደ ከሚመስለው መኪና አስር ጊዜ እመርጣለሁ። የተቀየረ ሞተር ወንጀል አይደለም። የተፋቀ ቁጥር ግን ነገ ፖሊስ ጣቢያ ያስቀምጣችኋል፤ መኪናው የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና።

የተፋቀን በምን እንለየዋለን? ዋናው ዓይንና ጣት ነው። ፋብሪካ የመታው ቁጥር ጥልቀቱና ክፍተቱ እኩል ነው፤ መስመሩን ይጠብቃል። ጋራዥ ውስጥ በመዶሻ አንድ በአንድ የተመታ ቁጥር አንዱ ይሰምጣል፣ አንዱ ያጋድላል፣ ሁለቱ ይጠጋጋሉ። የቁጥሩ ቦታ ከዙሪያው ይልቅ ካንጸባረቀ፣ ሞረድ ወይም ድስክ አልፎበታል። ጣታችሁን ስታሳልፉበት ጎድጎድ ካለም እንዲሁ። የሻንሲው ቁጥር ዙሪያ ላይ የብየዳ ጠባሳ ካለ፣ ወይም ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ካለ፣ ቁራጩ ከሌላ መኪና ተቆርጦ የመጣ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ላሜራው ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ላይ ይወድቃል። የቮልስ ሞተር ላይ ግን አትሞክሩት፤ የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ስለሆነ ማግኔት ጭራሽ አይዘውም።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ቁጥር ሲመታ ብረቱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ከሥሩ ያለው ብረትም ይጨመቃል። ስለዚህ ላዩን ቢሞርዱትም የወንጀል ምርመራ ባለሙያዎች አሲድ ቀብተው የድሮውን ቁጥር የሚያነቡበት ጊዜ አለ።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

«እኔ ቮልስ የለኝም፣ ምን አገባኝ?» ያላችሁ አላችሁ አይደል? ቶዮታ ዲኤክስ ያላችሁ፣ ቪትዝ ያላችሁ፣ ተራው የእናንተ ነው።

በነዚህ መኪኖች ላይ ቶዮታ የሻንሲ ቁጥሩን የሚጀምረው በፊደል ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ፊደል የሞተሩን ቤተሰብ ይናገራል። የድሮዋ ዲኤክስ ሻንሲ ኬኢ70 ብሎ ይጀምራል። ኬ ምንድን ነው? የኬ ሞተር ቤተሰብ። ስለዚህ ሞተሩ ላይ 3ኬ ወይም 4ኬ ብታዩ ዘመድ ከዘመዱ ጋር ነው። 2ኢ ብታዩ ግን እንግዳ ገብቷል። ቪትዟም እንዲሁ፤ ኤስሲፒ10 ያለችው 1ኤስዜድ ሞተር ይኖራታል፤ ኤንሲፒ10 ያለችው ደግሞ 2ኤንዜድ። ሻንሲው ኤስ እያለ ሞተሩ ኤን ካለ፣ ጠይቁ! በቀላሉ እንዲህ ያዙት፤ በሻንሲው መጀመሪያ ላይ ያለችውን ፊደል ሞተሩ ላይ ፈልጉ።

ባሕር ማዶማ ነገሩ ሃይማኖት ሆኗል። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ የሠሯቸው፣ ትልቅ ሞተር የተጫነባቸው ባለ ሁለት በር መኪኖች አሉ፤ ካማሮ፣ ማስታንግ የሚባሉት። ሞተሩ አብሮት የተወለደው መሆኑ ከተረጋገጠ ዋጋው ሌላ ነው። ሼቭሮሌ የሻንሲውን ቁጥር መጨረሻ አኃዞች ራሱ ሞተሩ ላይ ይመታ ስለነበር ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻላል። ቮልስ እንዲህ አይደለችም። የሞተሯና የሻንሲዋ ቁጥር እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ ፊደሉና ዓመቱ ይስማሙ እንደሆነ ብቻ ነው የምናየው። ስለዚህ ቮልስ ላይ «ይህ ሞተር የሷ አይደለም» ማለት ቀላል ነው። «የሷ ነው» ብሎ መማል ግን ከባድ ነው።

ቮልፍስቡርግ፣ ጀርመን ያለው የቮልስዋገን መኪና ሙዚየም የሻንሲ ቁጥር ለላከለት ሰው፣ በክፍያ፣ መኪናው የተሠራበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሙንና የተላከበትን ቦታ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ ስላለው ታሪክ ግን ወረቀቱ ዝም ነው። አንድ ሰው መጥቶ «መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡባት ቮልስ ይቺ ናት» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ የምለውን ልንገራችሁ። «የኋላ መቀመጫውን ያንሱልኝ።» የዕለቱ መዝገብ ላይ የሻንሲ ቁጥር ከሌለ፣ ታሪኩ ምንም ያህል ቢጣፍጥ ከዚያች መኪና ጋር የሚያያይዘው ክር የለም።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያሉን አሮጌ መኪኖች እጅ በእጅ እየዞሩ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ሻንሲውን በዓይናችሁ አንብቡ፣ ሞተሩን በዓይናችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ሊብሬውን አስተያዩ። ከቻላችሁ ከቀብዱ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ያለውን የመኪናውን ማኅደር ሻጩ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ የቀድሞው ሞተር ቁጥር እዚያ ሊገኝ ይችላል። የተቀየረ ነገር ካለና ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ፣ ማስተካከሉ የሻጩ ሥራ ነው፤ «ስም ሲዞር አብሮ ይስተካከላል» የሚለውን አትስሙ።

(የበር መንኳኳት፤ የዶሮ ድምፅ ከሩቅ)

እና ቮልሷስ? ጓደኛዬ ዋጋ ላይ ከደላላው ጋር እየተከራከረ ሳለ፣ እኔ ጋሼን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ የድሮው ሞተር የት ደረሰ?»

«የትም አልደረሰም» አሉና ወደ ጓሮ ይዘውኝ ሄዱ። ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ በጆንያ የተሸፈነ ነገር ላይ ዶሮ ተኝታለች። ገፋ አደረጓት፤ እየተቆጣች ሄደች። ጆንያውን ሲያነሱት ሞተር ነው። ዲናሞው የለም፣ ካርቡሬተሩም የለም፤ የሞተሩ አካል ግን ሙሉ ነው። ጎንበስ አልኩ። ጨርቅ፣ ነጭ ጋዝ፣ ወረቀት፣ እርሳስ።

ኤፍ።

1968 ላይ ከምንጠብቃቸው ፊደላት አንዱ። አብሯት የተወለደው ራሱ መሆኑን ገና ማኅደሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ማስተያየት አለብን። እኔ ግን ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ደላላው ከኋላዬ ቆሟል። ወረቀቱን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ዶሮዋን አየ።

«ጋሼ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይኼ ለብቻው ነው የሚሸጠው።»

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ከፍ ይላል)